የሰሞን ፍቅርና ነዋሪ ፍቅር

ፍቅር የሚለውን ቃል በአፉ የማያነሣ ሰው የለም፤ ዳሩ ግን ቃሉ አንድ ሲሆን የሚጠራበት ነገር ሁለት ነው። ጐልማሳ በዓይኑ አይቶ ልቡ ሲነድ «ፍቅር ያዘኝ» ይላል፤ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ሲያስታምም ያየ ሰውም «ፍቅር ይህ ነው» ይላል። ሁለቱን መለየት ይገባል፤ በስሙ አንድነት ተታለው ትዳራቸውን ያፈረሱ ብዙዎች ናቸውና።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በድሬዳዋ በቀፊራ ገበያ የሚነግድ አንድ ወጣት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «የኔታ፥ ባለቤቴን ሳላገባት እንቅልፍ አጥቼ፥ እህል አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ከተጋባን ዓመት ሳይሞላ ግን ያ ሁሉ እሳት ጠፋ። እርስዋ አልበደለችኝም፤ እኔም አልጠላኋትም። ነገር ግን ፍቅሬ ካለቀ አብሬያት መኖሬ ማታለል አይሆንብኝምን? እውነቱን ነግሬ ብለያት አይሻልምን?» ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነበርና ልቆጣው አልቻልሁም።

መልሱንም እርሱ በየቀኑ ከሚያየው ነገር ጀመርሁለት። ቀፊራ ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ይሻገረዋል። በላይ በሐረርጌ ደጋ ዝናም በዘነመ ጊዜ ግን ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ አጥፍቶ፥ ቤቱን ከነንብረቱ ጠርጎ ሄደ። ካለፈም በኋላ ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ሆነ። ታዲያ ይህች ከተማ የምትጠጣው ውሃ ከወዴት ነው? ከምድር በታች፥ ከጉድጓድ የሚወጣው ነው። ያም ውሃ ከሌላ ሰማይ የወረደ አይደለም፤ ያው ዝናም ነው። አንዱ በላይ ሮጦ አፈረሰ፤ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ወደ አሸዋውና ወደ ዓለቱ ሰርጎ ተከማቸ። ዝናሙ አንድ፥ መንገዱ ግን ሁለት ነው።

የሰውም ፍቅር እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያውን ግለት አይነቅፍም። ያዕቆብ ራሔልን በጉድጓድ ዳር ባገኛት ቀን ስሟት ድምፁን ከፍ አድርጎ አልቅሷል። የዳዊት ልጅ አምኖንም ትዕማርን ከመውደዱ የተነሣ ታሞ ከቀን ወደ ቀን ከስቷል። በዚያን ጊዜ ሁለቱን ያየ ሰው የማን ፍቅር እንደሚበልጥ ሊፈርድ ባልቻለም ነበር፤ ምናልባትም የአምኖን ይበልጣል ባለ። መለያው የመጣው የወደዱትን ካገኙ በኋላ ነው። አምኖን በተንኰልና በግፍ የፈለገውን ባገኘ ሰዓት ቀድሞ ከወደዳት ይልቅ አብዝቶ ጠላት፤ አስወጥቶም በሩን አስዘጋባት። ያዕቆብ ግን ሰባት ዓመት ተገዝቶ፥ በላባም ተታሎ፥ ራሔልን ከተቀበለ በኋላ ሌላ ሰባት ዓመት አገለገለ።

ብዙ ሰው የሚያደንቀው የፊተኛውን ሰባት ዓመት ነው፤ እኔ ግን የኋለኛውን አደንቃለሁ። የፊተኛውን ምኞት ብቻውን ሊሸከመው ይችላል፤ ተስፋ ያለው ሠራተኛ አይደክመውምና። የኋለኛው ግን በቤቱ ስላለችው ሚስት የተከፈለ ድካም ነው። «ውል ስለ ነበረበት ነው እንጂ» የሚለኝ ቢኖር፥ እውነት ነው፤ ካገኙ በኋላ ውልን መጠበቅስ ፍቅር አይደለምን? የልያን ኀዘን ረስቼ ያን ቤት በነገር ሁሉ አብነት አላደርገውም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አነሣሁት።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ የፍቅርን ጠባይ ሲዘረዝር የልብን ትኵሳት አላነሣም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው ትዕግሥትን ነው። ትዕግሥት ደግሞ ሥራ ነው። ስሜትን እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው፤ ሥራን ግን ሰው ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል። ይህን ስል ዱላንና ግፍን ታገሡ ማለቴ አይደለም፤ የትዕማር እንባ በመጽሐፍ ተጽፎ መኖሩ ግፍ በፍቅር ስም እንዳይሸፈን ያስተምረናልና።

ለወጣቱም እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፥ አለቀ ያልኸው ጎርፉ ነው። በሠርግህ ቀን ቃል የገባህላት ልቤ አይበርድም ብለህ ሳይሆን አልለይሽም ብለህ ነው። ስለዚህ አብረሃት ብትኖር ቃልህን ታጸናለህ እንጂ አታታልላትም። ግለቱ እንደ ቀድሞው ይመለሳል ብዬ አልሸነግልህም። ነገር ግን ማለዳ ወደ ገበያ ሳትወጣ ነገርዋን ስማ፤ ስትታመም አስታምማት፤ ብትበድላት ይቅርታ ጠይቃት። ጉድጓድ መቆፈር ማለት ይህ ነው።»

እርሱም «የኔታ፥ ቆፍሬ ውሃ ባላገኝስ?» አለኝ።

«ጉድጓድ ቆፋሪ የሚቆፍረው ውሃውን ስላየ አይደለም፤ ዝናም ዘንሞ እንደ ነበር ስለሚያውቅ ነው። እንቅልፍ ያጣህበትን ሌሊት አንተው ራስህ ነገርኸኝ» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ጉልበቴን ስሞ ወደ ገበያው ተመለሰ።