ማታ ማታ ምን ታያላችሁ? ምንስ ታነባላችሁ?

ልጆቼ፣ ረቂቅ ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ስለ ታሪኩ አይደለም። «ሰሞኑን ምን ታነባላችሁ? ማታ ማታስ ምን ታያላችሁ?» ነው የምላችሁ። ጨዋታ ለመክፈት ያህል የጠየቅኩ የሚመስላችሁ አላችሁ። ከምሬ ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው፤ ጆሮ ደግሞ የለመደውን ነው የሚያቀብለው። ገጸ ባሕሪያችሁ አፉን ሲከፍት የሚናገረው እናንተ ሰሞኑን ስትሰሙት የከረማችሁትን ነው።

እኔ ጠዋት አነባለሁ፣ ማታ ቴሌቪዥን አያለሁ። ቅደም ተከተሉን አላፋልስም፤ ጠዋት ጆሮ ንጹሕ ነውና። በአሁኑ ጊዜ ጠዋት ጠዋት የምይዘው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነው። ብዙዎቻችሁ ጀምራችሁት «ይከብዳል» ብላችሁ እንደተዋችሁት አውቃለሁ። በዓይን ብቻ ስታነቡት እውነትም ይከብዳል። እስቲ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩ ስማቸውን በጣታችሁ ብትሸፍኑት እንኳ ማን እንደሚናገር አይጠፋችሁም። አደፍርስም ሲከራከር እንደዚያው፤ ትምህርት የቀመሰ፣ ነገር ሁሉ የሚያሟግተው ወጣት መሆኑን አነጋገሩ ራሱ ይመሰክራል። ደራሲው «ወግ አጥባቂ ናቸው»፣ «አብዮተኛ ነው» እያለ አያስረዳንም። ያናግራቸዋል፣ እኛ እንሰማለን። ይህን ከየትም አታገኙትም፤ ከእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ጋር ቁጭ ብላችሁ ነው የምትማሩት።

ልብ ወለድ ብቻ አታንብቡ ደግሞ። ከ«አደፍርስ» ጎን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ አለ፤ ልጅ ሳሉ ዓድዋ የዘመቱ፣ ከዚያም ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው የጻፉት ነው። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታም አለ። ሰው በዚያ ዘመን እንዴት ይጓዝ፣ እንዴት ይሾም፣ እንዴት ይጣላ፣ እንዴት ይታረቅ እንደነበር የምትፈልጉ ከሆነ እዚያ ውስጥ ሞልቷል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። የቃና ቴሌቪዥን ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ካቀረበ ወዲህ በየቤቱ የማታው ሰዓት ተለውጧል። «አትዩ» አልላችሁም፤ እኔም አያለሁ። «ጥቁር ፍቅር» የተባለውን የቱርክ ድራማ ከቤተሰቤ ጋር ተከታትያለሁ፤ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፣ አይናቅም። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ቱርክ ውስጥ የአንድ ሳምንት አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ነው የሚቆራረጠው። ያን ሁሉ ሰዓት ለመሙላት ሰዎቹ ረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ሙዚቃው ይነሣል፣ ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይመላለሳል። በስክሪን ላይ ያምራል፤ ፊት አለ፣ ሙዚቃ አለ። እናንተ ግን ይኸንኑ ወደ ወረቀት አምጥታችሁ «ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ዝም አለች። እሱም ዝም አለ» እያላችሁ ገጽ ትሞላላችሁ። ወረቀት ላይ ሙዚቃ የለም። አንባቢው የሚያየው ባዶ ዝምታ ነው።

ከዚህ የከፋው የንግግሩ ነገር ነው። ድምፅ የሚተካው ባለሙያ የተዋናዩ አፍ በሚከፈትባትና በሚዘጋባት ቅጽበት ውስጥ አማርኛውን ማስገባት አለበት። ከባድ ሙያ ነው፣ አከብረዋለሁ። ሆኖም ለከንፈር የተለካ አማርኛ ለገጠር እናት አይሆንም። በቅርቡ ባነበብኩት ረቂቅ ውስጥ አንዲት የጎጃም እናት ልጃቸው ቆስሎ ሲመጣ «ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል» ይሉታል። ሌላው ሁሉ ጥሩ የተጻፈ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን ሴትዮዋ ከእጄ ወጡ። የጎጃም እናት «እኔን ይድፋኝ!» ትላለች፤ «ምነው እኔ በሆንኩልህ» ትላለች፤ እያለቀሰች ውኃ ታሞቃለች፣ መቺውን ትረግማለች። ወጣቱ ደራሲ ይህን ሳይሰማ አላደገም፤ እናቱ ቤት ሞልቶ ተርፏል። ግን ለወራት ማታ ማታ የሰማው የድራማውን አማርኛ ስለነበር እጁ ወደዚያ ሄደ።

የባዕድ ሥራ ሁሉ ይበርዛል ማለቴ አይደለም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የምንለው መጽሐፍ ያ ነው። ያገሬን ሰው የመሰለ የአሜሪካ ሰው እዚያ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ተርጓሚው ከንፈር የመለካት ግዴታ አልነበረበትም፣ ነገሩን በአማርኛ አስቦ ነው የጻፈው። እስረኛ ሆኖ፣ ደህና ወረቀት ሳይኖረው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጊዜ የለኝም ማለት ያሳፍረኛል።

ሥራ ልስጣችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በቅርቡ በተከታታይ ድራማ ተሠርቶ በቴሌቪዥን ቀርቧል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ደግሞ ዛሬም በዩቲዩብ ይገኛል። ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን አንድ ክፍል ምረጡና መጀመሪያ አንብቡት፣ ቀጥሎ መጽሐፉን ገልጣችሁ ወጋየሁን ስሙት፣ በመጨረሻ ድራማውን እዩት። ወጋየሁ የት እንደሚያርፍ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ ከበዛብህ ድምፅ በምን እንደሚለይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ድራማው አለባበሱን፣ ቤቱን፣ አገሩን ያሳያችኋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዱ ካሳ በመጽሐፉ ውስጥ ገጽ በገጽ የሚያወርደው ሐሳብ ግን በስክሪን ላይ ማጠሩ አይቀርም። ያ ያጠረው፣ የቀረው ነገር የእናንተ የደራሲዎቹ ድርሻ ነው።

በስልክ ስለምታዩት አጫጭር ቪዲዮ ብዙ አልልም። ከመጻፋችሁ በፊት አትክፈቱት፤ በቃ።

መጽሐፍ ተወዷል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ተከራዩ፣ ተዋዋሱ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ፈልጉ፣ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ግዙና በየተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እንዲያውም ይኸኛው ይበልጣል።

ረቂቃችሁን ለእኔም ሆነ ለአሳታሚ ከመስጠታችሁ በፊት የገጸ ባሕሪያቱን ስም ሸፍናችሁ ንግግሩን ለአንድ ጓደኛ አንብቡለት። ማን እንደተናገረ መለየት ካቃተው አትላኩት፤ ወደ «አደፍርስ» ተመለሱና እንደገና ጻፉት። ከለየ ግን አምጡልኝ፣ በደስታ አነበዋለሁ።