ሳይጫወት የሚበላው ቤት

 

የዛሬው ስለ ቁማር ነው። ሐራም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን ብቻ ደግመን አንለያይም። የምናነሳው ፖከርን ነው፤ ምክንያቱም ወጣቶቻችን ከሌላው ቁማር ለይተው ሲከራከሩለት እንሰማለን። «ፖከር ዕድል ሳይሆን ጭንቅላት ነው። ደግሞም ካሲኖው አይጫወትብህም፤ ሰው ከሰው ጋር ነው» ይላሉ።

ሁለተኛው ነገር እውነት ነው። በፖከር ጠረጴዛ ላይ ቤቱ ካርታ አይዝም፣ አይወራረድም፤ ማን በላ ማን ተበላ ጉዳዩ አይደለም። ታዲያ ያ ሁሉ አዳራሽ፣ መብራቱ፣ ጠባቂው፣ ካርታ አዳዩ በምን ይኖራል?

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ብዙ ወገኖቻችን በታክሲና በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩባትን ላስ ቬጋስን እንውሰድ። በነቫዳ ግዛት ደንብ ቤቱ በአንድ እጅ ከተወራረደው ገንዘብ እስከ 10 በመቶ ድረስ ለራሱ መውሰድ ይችላል። ይህን «ሬክ» ይሉታል። አዳዩ መሃል ከተከማቸው ላይ ቺፕስ እየቆነጠረ በዚያች ቀዳዳ ይጥላል፤ ከጠረጴዛው ሥር የተቆለፈ ሣጥን አለ። ቤቶቹ ለዚህ ቅንስናሽ ጣሪያ ያበጁለታል፤ በትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ 5 ዶላር አካባቢ ነው።

ጣሪያ ሲባል ርኅራኄ ይመስላል። እስኪ እናስላው። መሃል 40 ዶላር ከተከማቸ 4 ዶላር ይሄዳል፤ ከአሥር አንድ። 500 ዶላር ከተከማቸ ግን የሚሄደው 5 ብቻ ነው፤ ከመቶ አንድ።

አሁን ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ይዘው ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ እንበል። ድምሩ 1800 ነው። በሰዓት 30 እጅ ያህል ይታደላል። አንዳንዱ እጅ ሳይቀረጥ ስለሚያልፍ በአማካይ 3 ዶላር ለሬክ፣ 1 ዶላር ደግሞ ለ«ጃክፖት» መዋጮና ለአዳዩ ጉርሻ እንያዝ፤ ዝቅ አድርገን ነው የያዝነው። በሰዓት 120 ዶላር ከጠረጴዛው ይወጣል። ማንም አዲስ ገንዘብ ካልጨመረ በ15 ሰዓት ውስጥ 1800ው ሙሉ በሙሉ ከጠረጴዛው ወጥቶ ያልቃል። ዘጠኙም ባዶ ኪስ! ያሸነፋቸው ማን ነው? አንድም ካርታ ያልያዘው።

ከፍ ወዳለው ጠረጴዛ እንሂድ፤ ሰዎች 2000 ዶላር ይዘው የሚቀመጡበት። እዚያ ብዙ ቤቶች ከእያንዳንዱ እጅ መቁረጥ ይተዉና የወንበር ኪራይ ያስከፍላሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከእያንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ ገንዘብ። 7 ዶላር ቢሆን በሰዓት 14 ነው። የታችኛው ሰውዬ ደግሞ ቅድም ባሰላነው 120ውን ለዘጠኝ ስናካፍል በሰዓት 13 ዶላር ከፍሏል። ልዩነቱ አንድ ዶላር ብቻ! የታችኛው ግን የከፈለው ከ200 ላይ ነው፤ ከያዘው ከ6 በመቶ በላይ በየሰዓቱ። የላይኛው ከ2000 ላይ ስለሆነ ከ1 በመቶ በታች። (በካሊፎርኒያ ሕጉ የካርድ ቤቶች ከውርርዱ በመቶኛ እንዳይወስዱ ይከለክላል። ስለዚህ በየእጁ ቁርጥ ክፍያ ይጠየቃል፤ የድሃው ትንሽ እጅ እዚያም ከፍ ያለውን ድርሻ ይከፍላል።) ስልክ ላይ ያለው ፖከርም ይቆርጣል፤ ቀዳዳዋ ስለማትታይ ነው የማይታወቃችሁ።

እዚህ ላይ ዘካን አስታውሱ። ሀብትህ ኒሷብ ካልደረሰ አላህ ምንም አልጠየቀህም። ደርሶ ዓመት ሲሞላው ከአርባ አንድ ትሰጣለህ፤ ሀብቱ በበዛ ቁጥር የምትሰጠውም ይበዛል፣ ጣሪያ የለውም፣ የሚሄደውም ወደ ሚስኪን ነው። ሬክ ይህን ገልብጦ የቆመ ሥርዓት ነው። ከታች ወለል የለውም፣ ከላይ ግን ጣሪያ አለው፤ የሚሄደውም ወደ ባለ አዳራሹ ነው።

«እሺ፣ እኔ ግን ጎበዝ ነኝ፤ ሬኩን ከፍዬም አተርፋለሁ» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ የሚያተርፉ ጥቂቶች አሉ። ከየት ነው የሚያተርፉት? ጠረጴዛው ላይ አንድ ብር አይፈጠርም። አይገነባም፣ አይሸጥም፣ አይታረስም። የምትበላው ከጎንህ የተቀመጠው የሳምንት ደሞዙን ይዞ የመጣው ሰውዬ ተበልቶ ነው፤ ያንተ «ጉብዝና» ማለት የእሱን ድካም ማወቅ ነው።

«ከጓደኞቼ ጋር ቤት ውስጥ፣ ያለ ሬክስ?» ሬኩን ያነሳነው ሐራም ያደረገው እሱ ስለሆነ አይደለም። የጃሂሊያ ዐረቦች ግመል አርደው በቀስት ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። የተሸነፈው ዋጋውን ይከፍላል፣ ያሸነፈው ሥጋውን ለድሆች ያድላል፤ ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን ይህን እንደ ደግነት ይኮሩበት ነበር። ያ መይሲር ድሃ ያበላ ነበር፤ ግን ተከለከለ። አላህ በሱረቱል በቀራ 219 ጥቅም እንዳለው አልካደም፤ ወንጀሉ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። ድሃ የሚያበላው ካልተፈቀደ፣ ድሃውን የሚበላው እንዴት ይፈቀዳል?

በአል-ማኢዳ 91 ደግሞ ሸይጧን በቁማር የሚፈልገው ተጠቅሷል፦ በመካከላችን ጠላትነትን መዝራት፣ ከአላህ ዚክርና ከሰላት ማገድ። ያን የወንበር ኪራይ አስቡት። ካርታ አነሳህም አላነሳህም ግማሽ ሰዓቱ ይቆጥራል። ከፍለህ ተቀምጠህ፣ ተበልተህ፣ «የተበላሁትን ላስመልስ» እያልክ መግሪብ ይገባል። ነፍስህ ትነሳለች? ዒሻም ይገባል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጓደኛው «ና ቁማር እንጫወት» ያለ ሰው ሰደቃ ይስጥ ብለው እንዳዘዙ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፤ ገና አልተጫወተም፣ ጋበዘ እንጂ። በቴሌግራም የፖከር ወይም የቤቲንግ ሊንክ ለጓደኛህ የላክህ ወንድሜ፣ ሊንኩን አጥፋው፤ ለላክህለትም «ተውኩት፣ አንተም ተው» ብለህ ጻፍለት፤ ከዚያ ዛሬ ዐስር ሳይሰገድ በእጅህ ካለው ሐላል ገንዘብ ሰደቃህን አውጣ።