ቀለሙ ሲያልቅ

ሀዋሳ፣ ሲዳማ ባህል አዳራሽ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከአጀንዳው ቀድሞ የሚታደለው እስክሪብቶ ነው፤ ከፎልደር፣ ከደብተርና ከሃይላንድ ጋር። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ የምቀመጠው ከመድረኩ ጎን ነው፤ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን የሚጽፍ እንደሚመስል ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ሰው የራሱን እስክሪብቶ ኪሱ ሰክቶ ይመጣል። በታደለው አቴንዳንስ ይፈርምና ሲወጣ ወንበሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ማታ አዳራሹን የምታጸዳው ልጅ በሁለት እጇ እስክሪብቶ ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ የሚጽፈውን ከማይጽፈው ይለዩልኛል?» አለችኝ። ወረቀት ላይ እየጫርን ለየን። የሚጽፈው ለታናናሾቿ ሆነ። የማይጽፈውንስ ብላት፣ «ሃይላንዱን ቆራሌው ይገዛኛል፤ ይሄን ግን በነፃ ብሰጠውም አይወስድም» አለች። ቆራሌው ወዶ አይደለም። ቀፎው ፕላስቲክ፣ ጫፉ ናስ፣ ጫፉ ላይ የምትሽከረከረው ጥይት ሌላ ማዕድን፤ መለያየቱ ከዋጋው በላይ ያደክማል።

ታዲያ እስክሪብቶ እንዲህ መጣል ኃጢአት ነው ወይስ ቸልተኝነት ብቻ? እስክሪብቶ ጣልኩ ብዬ ብናዘዝ ንስሐ አባቴ ሳቃቸውን የሚችሉ አይመስለኝም። ነገር ግን አምስት ገበያ ሕዝብ በልቶ ከጠገበ በኋላ ጌታ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ማዘዙን ሁሌ አስባለሁ። አምስት እንጀራ ለዚያ ሁሉ ሰው ያበረከተ ጌታ ፍርፋሪ ምን አስጨነቀው? 12ቱ መሶብ የተነሣው ነገ እንዳይቸግር ተብሎ አይመስለኝም። ማባከን ነውር የሚሆነው ዕቃው ስለሚያንስ ቢሆን ኖሮ፣ በጥጋብ ጊዜ ሁሉም በተፈቀደ ነበር። ቁርኣንም ብሉ፣ ጠጡ ባለበት ስፍራ ማባከንን ይከለክላል። እዚሁ ሲዳማ ደግሞ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በመዘገበው በፊቼ ጨምባላላ በዓል፣ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ሲመክሩ አገር በቀል ዛፍ መቁረጥን ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ጋር አብረው ይከለክላሉ። ዛፉን ከሌብነት ተርታ ማሰለፋቸው ልክ ነው እላለሁ፤ ሁለቱም ሰው ያልደከመበትን ነገር እንዳሻው ማድረጉ ነውና።

እኔ በቀለም የሚሞላ ብዕር ይዣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከወገቡ ፈትቼ ጫፉን እስከ አንገቱ ብልቃጡ ውስጥ አጠልቀዋለሁ። መሳቢያውን ስገፋው አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ስመልሰው ቀለሙ ይከተለዋል። ሁለት ሦስት ጠብታ ካላንጠባጠብኩለት የሸሚዜን ኪስ ያበላሸዋል። በአሮጌ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጣቴ ግን እስከ ሰኞ ሰማያዊ ነው። እስክሪብቶ ሲያልቅ ጥለው ሌላ ያነሣሉ። ቀለም ሲያልቅ ዕቃው እጄ ላይ ይቀራል፤ ልጽፍ ከፈለግኩ ተነሥቼ መሙላት አለብኝ። የብራና ጸሐፊዎቻችንም መቃ ብዕራቸው ሲደነዝዝ በካራ ይቀርጹታል፣ ቀለሙን ከጥላሸት ራሳቸው አዘጋጅተው ቀንድ ውስጥ ያኖሩታል። ከብራና መጻሕፍቶቻችን አንዱ የሆነው የአባ ገሪማ ወንጌል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል።

እዚህ ላይ ግን ትዕቢት ይመጣል። ፓርከር ደረት ኪስ ላይ መሰካት የሹመት ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር፣ ቆጣቢ ነኝ እያለ ውድ ብዕር በየዓይነቱ የሚሰበስብ ሰው አውቃለሁ። ጾሙ እንዲታወቅለት ፊቱን እንደሚያጠወልግ ሰው ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱ የሚገዛው በትንንሽ ፕላስቲክ ቀፎ የታሸገ ቀለም ነው፤ ያም ይጣላል።

ርካሹን እስክሪብቶም መናቅ አልወድም። ቢክ ክሪስታል በ1950 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ወጥቶ እስከ 2006 ድረስ 100 ቢሊዮን ተሸጧል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በድሃ ልጅ እጅ ፊደል እንደቆጠረ እግዜር ይወቀው። ካርቦን ያለው ደረሰኝ ስቆርጥ እኔም እሱኑ አነሣለሁ፤ በቀለም ብዕር ተጭነው ቢጽፉ ጫፉ ይሰነጠቃል እንጂ ሁለተኛው ቅጠል ላይ አይወጣም። የሚቆረቁረኝ ሳያልቅ የሚጣለው ነው።

መጣል ስንል ደግሞ ወዴት? የሀዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ክረምት ሲመጣ የከተማው ጎርፍ የጠረገውን ይዞ ይገባበታል፤ የገባ ፕላስቲክ እዚያው ነው።

ለስብሰባ አዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፦ እስክሪብቶ በየወንበሩ መቀመጡ ቀርቶ አቴንዳንስ ጠረጴዛው ላይ በካርቶን ይሁን፤ የረሳ ይውሰድ፣ ሲወጣ ይመልስ። አንዱ ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በጀቱ በነፍስ ወከፍ የተያዘ ነው። ካልገዛን ኦዲተር ለምን ተረፈ ይለናል» አለኝ። ሥራዬ የተባለውን መጻፍ ነውና ሐሳቤንም መልሱንም ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኳቸው። ሰብሳቢው ሳያነብ ፈረመ፤ በታደለው እስክሪብቶ።