የርብቃ እንስራና የበረሃው መንገደኛ



ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ ተጉዞ ጎረቤላ የደረሰና በአንኮበር ገደል አፋፍ የቆመ ሰው፣ ጉሙ ሲገለጥለት ሰፊውን የአፋር ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያያል። በደጋው ጋቢ ተደርቦ ይለበሳል፤ ቁልቁል ሲወረድ ግን ምድሩ እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ በረሃ ለጎረቤላ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከደጁ በታች የሚጀምር መንገድ ነው።

በዘመናችን ብዙ መንገደኞች በረሃን ለማየት ብለው ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታ አሌ ይወርዳሉ፤ ሌሎችም በልዩ ልዩ አገሮች በግመል ጀርባ ተቀምጠው ጥቂት ቀናት ይሰነብታሉ። ሲመለሱም ስለ ከዋክብቱ ብዛትና ስለ ሌሊቱ ጸጥታ ይተርካሉ። ይህን አንነቅፍም፤ ጌታችንም ሊጸልይ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ይል እንደ ነበር ወንጌል ይነግረናል (ሉቃ. 5፥16)። ይሁን እንጂ በረሃ መመለሻው ለተዘጋጀለት ሰው አንድ ነገር ነው፤ ውኃው ላለቀበት ሰው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ ልናስብ የወደድነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገደኛ ነው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከአንኮበር ተራራ ግርጌ ይደርስ ነበር። ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት ግመል ስለማይወጣው፣ ሸክሙ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደ ደጋው ይወጣል። በአልዩ አምባ ገበያ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ ይገናኙ ነበር። ጨው በዚህ መንገድ ወደ ላይ ወጣ። የሰው ልጆችም ለባርነት ተሸጠው በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ወረዱ፤ ይህንንም በኀዘን ልናስታውሰው ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከጓደኞቹ ጋር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። መንገዱ ከባሕር ወለል በታች 150 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ሐይቁ ጨው ነው፤ ዓይን ያየዋል እንጂ ጕሮሮ አይቀበለውም። በዚያ ሙቀት መንገደኞቹ ውኃ አልቆባቸው ከሞት አፋፍ ደረሱ። ጠመንጃውም፣ ለንጉሡ የተሸከሙት ገጸ በረከትም አንዲት ጠብታ ሊሰጣቸው አልቻለም። ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ያዳናቸው አንድ የበረሃ ሰው ነው፤ የደፈረሰ ውኃ የሞላበትን ትልቅ አቁማዳ ይዞ እየገሠገሠ ደረሰላቸው።

ውኃው የደፈረሰ መሆኑን ልብ እንበል። እኛ ብዙ ጊዜ የጠራ እስክናገኝ ድረስ ሳንሰጥ እንቆያለን። ቤታችን ሲሰፋ እንግዳ ልንቀበል፣ ኑሮአችን ሲሻሻል ድኻ ልንረዳ እናስባለን። የተጠማ ሰው ግን እስከዚያ አይቆይም። በጌታችን ቃል ዋጋው የማይጠፋበት ስጦታ አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ናት (ማቴ. 10፥42)፤ በበረሃ ቀዝቃዛው ባይገኝ የደፈረሰውም ነፍስ ያድናል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የተጻፈውን የርብቃን ታሪክ ብዙ ጊዜ በጋብቻ ቀን እንሰማዋለን። የአብርሃም ሎሌ ዐሥር ግመሎችን ይዞ ረጅም መንገድ ተጉዞ በምሽት ወደ አንድ የውኃ ጉድጓድ ደረሰ። ርብቃ እንስራዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠጣችው፤ ከዚያም ሳትጠየቅ ግመሎቹ እስኪረኩ ድረስ ልትቀዳላቸው ሮጠች። ግመልን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ይረዳል። ግመል በሻኛው ውስጥ የሚያከማቸው ስብ እንጂ ውኃ አይደለም፤ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን በጥም ቢያጣ እንኳ ይታገሣል፤ ውኃ ሲያገኝ ግን ባንድ ጊዜ እስከ 100 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ዐሥሩ ግመሎች እንዲህ የተጠሙ ቢሆኑ 1,000 ሊትር ያህል ይሆናል፤ 20 ሊትር በምትይዝ እንስራ 50 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። ከምንጭ በጀሪካን ውኃ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህን ቁጥር ከማናችንም ይልቅ በወገባቸው ያውቁታል።

ርብቃ ያን ሁሉ ስታደርግ ሰውየው ከማን ዘንድ እንደ መጣ አላወቀችም። ሎሌው ለጌታው ልጅ ሚስት ሲፈልግ የጸለየው ምልክት ይህ ነበር፤ መልኳን ወይም ሀብቷን ሳይሆን፣ ለማታውቀው መንገደኛና ለደከመው እንስሳ የምታደርገውን ይመለከት ነበር። የተስፋው ዘር ታሪክ በዚህች ልጃገረድ እንስራ በኩል አለፈ።

የቤተ ክርስቲያናችን አባቶችም የበረሃ መንገደኞች ነበሩ። በሕዝቡ ዘንድ አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት የካፑቺን ማኅበር አባል አቡነ ጉልየልሞ ማሳያ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በረሃውን አቋርጠው ወደ ሸዋ መጥተው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀባይነት አገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እስኪወጡ ድረስም ወንጌልን ሰበኩ፣ ሕዝቡንም ከፈንጣጣ የሚከላከል ክትባት ሰጡ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1849 በምጽዋ የጵጵስና ማዕረግ የቀቡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የእኛው አቡነ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጡ በትኩሳት ደክመው በአሊገደ ሸለቆ በመንገድ ዳር ዐረፉ። ቅድስናቸው እ.ኤ.አ. በ1975 የታወጀው እኒህ አባት በሞቱበት ሰዓት ከዛሬው የበረሃ ስደተኛ የሚለዩበት ብዙ አልነበረም። በሐሩር የወደቀ መንገደኛ ነበሩ፤ በዙሪያቸውም የሚያለቅሱ ልጆቻቸው ነበሩ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ያ የጥንቱ መንገድ ዛሬም ባዶ አይደለም። ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና ከሌሎችም ክልሎች የተነሡ ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ይገባሉ፤ ብዙዎቹ በእግራቸው በአሳል ሐይቅና በታጁራ አካባቢ አልፈው ወደ ኦቦክ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ ይሞክራሉ። ሃሪስ ግመልና መሪ ይዞ የተጨነቀበትን ምድር እነርሱ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይሻገሩታል። ከእነርሱ ብዙዎች በጥም ሞተው በመንገድ ቀርተዋል። ባሕሩም አልራራላቸውም፤ በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? አትሂዱ ብሎ መገሠጽ ብቻውን ውኃ አይሆንም። አስቀድመን አንደበታችንን እንመርምር። የጎረቤት ልጅ ቤት ሠራ፣ የእኛ ግን ተቀምጦ ይበላል የምንል ወላጆች፣ ሳናውቀው ልጃችንን ወደ ደላላ እጅ እንገፋዋለን። በሬውን ሸጦ ለደላላ መክፈል የሚቻል ከሆነ፣ ያው ገንዘብ በቤት ሳለ ለሙያ ወይም ለሥራ መነሻ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ በቤተ ሰብ ጉባኤ እንመካከር። መንገዱንም እንደ እውነቱ እንንገራቸው፤ ሳንደብቅና ሳንዋሽ።

ሁለተኛ፣ የሄዱትን አንርሳቸው። በየቁምስናችን በምእመናን ጸሎት ጊዜ በመንገድ ላይ ያሉትን እናስብ፤ ወሬው የጠፋባትን እናት ቤቷ ሄደን እንጠይቅ። ለቅሶ ለመድረስ መርዶ እስኪመጣ አንጠብቅ፤ መርዶ ሳይመጣለት ዓመታት የሚያልፉበት ኀዘን ከሁሉ ይከብዳልና።

ሦስተኛ፣ ባዶ እጁን የተመለሰውን እንቀበለው። ምን ይዘህ መጣህ ብሎ መጠየቅ በተጠማ ሰው ፊት የጨው ሐይቅ እንደ መሆን ነው፤ ከሩቅ ውኃ እንመስለዋለን፣ ሲቀርበን ግን አንጠጣም። እንኳን ነፍስህ ተረፈ ብለን ውኃ እናቅርብለት፤ ከዚያም በማኅበራችን ውስጥ ቦታ እንስጠው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም፣ ስለ ርብቃ ስታስተምሩ ልጆቹ የእንስራውን ምልልስ እንዲቈጥሩ አድርጉ። ቀጥሎም በሰፈራቸው የተጠማው ማን እንደ ሆነ ጠይቋቸው፤ የሚሰጧችሁ መልስ ለእናንተም ትምህርት ይሆናል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደምናነበው፣ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ጥምቀትን ያገኘው ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ ነው። ፊልጶስ በቤተ መቅደስ ተቀምጦ አልጠበቀውም፤ ወደ ሠረገላው ሮጠ። ርብቃም ወደ ጉድጓዱ ሮጠች። በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጦ ውኃ የለመነው ጌታችን፣ በመጨረሻው ቀን ስለ ጥሙ ሲጠይቀን የምንመልሰው እንዲኖረን፣ እግራችንን ፈጣን፣ እጃችንንም የማይሰስት ያድርግልን። ለመንገደኞች ሁሉ ጥላ፣ ለወላጆቻቸውም መጽናናት ይሁንልን። አሜን።