ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የአሶሳን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር አጠገብህ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማም። ባለፈው ክረምት እንዲህ ባለ አንድ ቀን ነፋስ የአንዲት መድረሳን ጣሪያ ሁለት ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደ። የሰፈሩ ወጣቶች ከዙህር ሰላት በኋላ ተሰበሰቡ። መሰላል ተገኘ፤ አንድ አናጢ ወንድማችንም በነጻ እሠራለሁ አለ። የጎደለው የቆርቆሮው ዋጋ ብቻ ነበር። ገንዘቡም አልጠፋም፤ በመድረሳው ሳጥን ውስጥ አለ። የሳጥኑ ቁልፍ ግን በሊቀመንበሩ ኪስ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ ኩርሙክ ሄደዋል። ሙስሐፎቹ የተቀመጡበት ቁም ሳጥን ቁልፍም እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጸሐፊ አለው። ስልክ ተደወለ፤ “እስክመለስ ቆዩ” ተባለ። አራት ቀን ቆዩ። ሊቀመንበሩ ተመልሰው ቁም ሳጥኑ ሲከፈት የሙስሐፎቹ ገጽ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተገኘ። ልጆቹም ከተበተኑ አራት ቀናቸው ነበር።

ወጣቶቹ ለምን ከኪሳቸው አላዋጡም ትሉ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። ለካ ካንድ ዓመት በፊት ሳያስፈቅዱ የመድረሳውን በር ቀለም ቀብተው በጁሙዓ ዕለት በሰው ፊት ተወቅሰውበታል። “ከዚያ ወዲህ ካልታዘዝን አንነካም” አሉኝ። እኔን ከረጠቡት ሙስሐፎች ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ንግግር ነው።

ሊቀመንበሩ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሐጂ ግን በሰፈሩ በታማኝነታቸው የታወቁ፣ ከራሳቸው ኪስ የሚጨምሩ እንጂ ከመድረሳው አንዲት ሳንቲም የማይነኩ ሰው ናቸው። ቀርቤ ስጠይቃቸው “ልጄ፣ ይህ አማና ነው። ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ” አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ይጠየቃሉ። ነገር ግን ሁላችሁም እረኞች ናችሁ የሚለው የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት በመሪው ላይ ብቻ አይቆምም። አባወራው በቤተሰቡ፣ ሚስትም በቤቷ፣ አገልጋዩም በጌታው ንብረት ላይ እያንዳንዳቸው እረኛ መሆናቸውንና እንደሚጠየቁ ይዘረዝራል። እንግዲህ አገልጋዩ እንኳ የራሱ እረኝነት ካለው፣ የሰባቱን ሰው ሥራ ሁሉ ለብቻው የሚሠራ ሊቀመንበር አማናውን ጠበቀ ይባላል ወይስ የስድስቱን አማና ነጠቀ? ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ካልያዘ ነገ ስለምን ይጠየቃል?

ወገኖቼ! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው እንዴት ያሠሩ እንደነበር እንመልከት። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳለ መጥቶ አስር ዓመት አገልግሏቸዋል። ልጅ ደግሞ ይረሳል፤ ይሰብራል፤ ተልኮ መንገድ ላይ ከጨዋታ ይቆማል። አነስ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ለሠራው ነገር ለምን ሠራህ፣ ላልሠራው ለምን አልሠራህም እንዳላሉት መስክሯል። የቢሮ ኃላፊ የሆንክ ወንድሜ፣ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ በሥርህ ያለውን ሠራተኛ ስንት ጊዜ “ለምን” አልከው?

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር ታሪክ እናንሳ። ሰሃባዎች በመካ መከራ ሲበዛባቸው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የመጀመሪያው ስደት እ.ኤ.አ በ615 ነው፤ በሁለተኛው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ያሉበት ከሰማንያ የሚበልጡ ወንዶች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር መጡ። በመካና በሐበሻ መካከል በረሃና ባሕር አለ፤ ስልክ የለም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ከነጃሺ ዘንድ ሊያስወጧቸው ሲመጡ፣ ጃዕፈር “ነብዩን ጠይቄ እስክመለስ ቆዩ” ማለት አይችሉም ነበር። ተመካከሩ፤ ጃዕፈር ተነስተው ተናገሩ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) በተጠየቁም ጊዜ ንጉሡን ለማስደሰት ብለው ሳያለሳልሱ የተማሩትን አቀረቡ። የዚያ ሁሉ ሰው ሕይወት በአንድ ወጣት ምላስ ላይ ነበር። ጃዕፈር ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጀመዓው በሰው አገር ቆመ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የላኩት በሚገባ ያስተማሩትን ሰው ነበርና።

የኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ዕድሜያቸው አስራ ስምንት ገደማ ሳለ ዑመርን የመሰሉ ታላላቅ ሰሃባዎች ያሉበት ጦር አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ሰው አጉረመረመ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ላይ ሆነው ሚንበር ላይ ወጡና ለልጁ ተከራከሩለት። እርሳቸው ሲሞቱ አቡበክር (ረ.ዐ) ሹመቱን አልሻሩም። እንዲያውም ሲሸኟቸው ኡሳማ በፈረስ፣ ኸሊፋው በእግር ሄዱ። አቡበክር ዑመርን ለምክር መዲና ሊያስቀሩ ፈልገው ነበር፤ ኸሊፋ ናቸውና “ዑመር ይቅር” ብለው ማዘዝ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ኡሳማን ፈቃድ ጠየቁ። የአማኞች መሪ የሾሙትን የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ወታደር ስጠኝ ብለው ይለምናሉ! እኛ ግን የሾምነውን ገንዘብ ያዥ አልፈን ሳጥኑን ራሳችን እንከፍታለን።

“ታዲያ አምኖ መስጠት ማለት ሰጥቶ መርሳት ነው?” የሚል ይኖራል። አይደለም፤ የዚህ ክልል ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኮንን የተመራው ጦር ቤላ ሻንጉልን ከያዘ በኋላ፣ አጼ ምኒልክ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንን በአካባቢው ላይ አስተዳዳሪ አደረጓቸው። ከመሐል አገር በዋናነት የሚጠበቀው በየዓመቱ የሚገባው የወርቅ ግብር ነበር። ወርቁ እስከገባ ድረስ ደካማው እንዴት እንደሚያድር ብዙ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ዘመን የዚህ ምድር ልጆች ለባርነት ተሸጠዋል። ሚዛኑ የሚመዝነው ወርቁን ብቻ ነበርና የሰው እንባ አልተመዘነም። ይህ አማና መስጠት ሳይሆን ዓይንን መጨፈን ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ኢብኑ ሉትቢያን ዘካ ሊሰበስብ ሲልኩት ከኋላው የሚከተል ሰው አልላኩበትም፤ ሲመለስ ሒሳቡን ተቀበሉት። “ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው” ባለ ጊዜ፣ እቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁት፤ ጉዳዩንም በሕዝብ ፊት አነሱት። ዑመርም (ረ.ዐ) ሹሞቻቸውን ሲልኩ ንብረታቸውን መዝግበው ይልኩ ነበር፤ ከየአገሩ ክስ ሲመጣም ሙሐመድ ኢብን መስለማን (ረ.ዐ) ልከው ያጣሩ ነበር። ሲሠራ ትከሻው ላይ አልቆሙም፤ ከሒሳቡም አላመለጠም። በመንጌና በሸርቆሌ ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ እናቶቻችን ይህንን ያለ አስተማሪ ያውቁታል፤ ወርቁ ሲመሽ ሚዛን ላይ ይታያል።

ያመንነው ሰው ቢያጠፋስ? በኡሑድ ቀን (በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ) ከመዲና ወጥቶ መዋጋት የብዙኃኑ ምክር ነበር፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የወደዱት ግን መዲና መቆየትን ነበር። ቀስተኞቹም አትልቀቁ የተባሉትን ቦታ ለቀቁ። ሰባ ያህል ሙስሊሞች ተሰዉ። ከዚህ በኋላ አንድ መሪ “ሁለተኛ አላማክራችሁም” ቢል ማን ይፈርድበታል? አላህ (ሱ.ወ) ግን በሱረቱ አሊ ዒምራን ነብዩን ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረትም እንዲለምኑላቸው፣ ዳግመኛም እንዲያማክሯቸው አዘዛቸው። በር ቀለም የቀቡት ወጣቶች ጥፋት ከኡሑድ ቀስተኞች ጥፋት ይብሳልን?

ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል ሸሽተው የገቡትን አስቡ። ልጅ ታቅፎ ድንበር የተሻገረ ሰው ሊቀመንበር ከመንገድ እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ በአሶሳም ሆነ በባምባሲ፣ በአዲስ አበባም ያላችሁ የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎች፣ ቁልፉን ለሁለት ሰው ስጡ። ገንዘብ ያዡ በራሱ ውሳኔ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል በቃለ ጉባኤ ጻፉለት። ካርኒ ያስቆርጥ፤ በየሦስት ወሩም ሒሳቡ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ለጀመዓው ይነበብ። የሊቀመንበሩም ሒሳብ አብሮ ይነበብ።

ሐጂ ስማቸውን እንዳልጠራ ብቻ ለምነውኝ ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የኡሳማን ታሪክ ሳነሳላቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው “አቡበክር በእግራቸው ሄዱ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ባለፈው ሳምንት የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ለቁርአን አስተማሪው ሰጥተዋል። የገንዘብ ሳጥኑ ቁልፍ ገና በኪሳቸው ነው፤ “ትንሽ ታገሰኝ” ብለውኛል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።