የታሸ ጠገራ

ጠገራ ብር እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው የንግሥቲቱን የማርያ ቴሬዛን ፊት ሳይሆን በፊቷ ዙሪያ ያለውን ባዶ ስፍራ ነው። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዤ በአንድ አምፖል ሥር ቀስ እያልኩ አዘነብለዋለሁ። ባልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ ይዞራል፤ ሲመታ ብረቱ ወደ ዳር የተገፋባቸው ረቂቅ መስመሮች ናቸው የሚያዞሩት። በጨርቅና በአመድ የታሸ ከሆነ ጭረቶቹ ተሰልፈው ብልጭ ይላሉ። አሲድ ውስጥ የተነከረው ጭረት ባይኖረውም ንጣቱ የሞተ ነው፤ ብርሃኑ ባለበት ይቆማል። በፊደላቱ ሥር ጥቁሩ ቀርቶ ሌላው ሁሉ የነጣ ብርም ያጠራጥረኛል።

ማለቅ ሌላ ነገር ነው። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር ገበያ ውሎ ሲያድር ጎልተው የወጡት ቦታዎች፣ ዘውዱና የአንበሳው ጎፈር፣ ቀድመው ይለሰልሳሉ። ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 70 በሚሄደው መለኪያ ዝቅ ያደርጉታል እንጂ አይጥሉትም። የታሸውን ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ራሱን ይነፍጉታል። ትክክል ናቸው እላለሁ። ጎፈሩ በብዙ እጅ እንዳለፈ እየመሰከረ ገላው ትናንት የተመታ ይመስላል፤ ሁለቱ ምስክሮች አይስማሙም።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የንስሐ ነገር ያሳሰበኝ። የብር ጥቁረት በላዩ የተቀመጠ እድፍ ብቻ አይደለም፤ በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ከብሩ ከራሱ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። ጥቁሩን በአሲድ ያነሣ ሰው ከብሩም ያነሣል። ኃጢአትም ከሰው ጋር እንዲሁ ከተዋሐደ፣ በታጠብን ቁጥር እናንሳለን ማለት ነው? ሰው ንስሐ ሲገባ ያለፈ ዕድሜው ይፋቅለታል?

ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው፣ ስለ ቃል ሰው መሆን በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ሰጥቷል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ መልክ ቢበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ ባለ መልኩ ራሱ ይመጣና በዚያው እንጨት ላይ ሥዕሉ ይታደሳል ይላል። እኔን የያዘኝ የባለ መልኩ መምጣት ነው። ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ተሸክሞ ወጣ። መልኳ በአዲስ ብር ላይ ሲታተም ኖረ እንጂ ለደበዘዘው አሮጌ ጠገራ ተመልሳ የመጣችለት ጊዜ የለም። ስለዚህ አሺው ምንም ቢደክም ከብሩ ላይ መቀነስ እንጂ መልክ መመለስ አይችልም። የሰው ባለ መልክ ግን ሕያው ነው። ንስሐ መፋቅ አይደለም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ወደ ሠዓሊው እጅ መመለስ ነው።

አባቴ አንጥረኛ ነበር፤ ጠገራ እያቀለጠ የአንገት መስቀል ይሠራ ነበር። ሰብሳቢ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፣ እኔ አላዝንም። መስቀሉ ጠገራ ነኝ ብሎ አይቀርብም፤ በእሳት አልፎ ሌላ ሆኗል። ጥምቀትን የሚያስታውሰኝ እርሱ እንጂ የታሸው ብር አይደለም።

አንድ የሚሞግተኝ ጸሎት አለ፤ መዝሙር 50። ዳዊት ታጥቦ ከበረዶ ይልቅ መንጣትን ይለምናል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አብሬው እለምናለሁ። ነገር ግን የመዝሙሩ ርእስ ዳዊት ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ የተባለ መሆኑን ይናገራል። ያን ርእስ ከመዝሙሩ ላይ ያነሣው የለም፤ የምናነበውም ከነርእሱ ነው።