የተሸሸገ ስሕተትና በአልጋ ላይ ያለው ወንድማችን



ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 5 ላይ ለ12 ዓመት ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረች ሴት ይተርክልናል። ይህች ሴት በብዙ ሐኪሞች እጅ ብዙ ተሠቃይታለች፤ ያላትንም ሁሉ ከፍላለች፤ ሕመሟ ግን ከመሻል ይልቅ ብሶባታል። ይህን ምንባብ ስንሰማ ወደ ተአምራቱ ስለምንቸኩል በሐኪሞች እጅ የደረሰባትን ሥቃይ ዘለን እናልፈዋለን። ወንጌል ግን አልዘለለውም። ሊረዳ የተዘረጋ እጅ ሊጎዳም እንደሚችል በግልጽ ጽፎታል።

ይህ ጉዳይ የዘመናችንም ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሕክምና ላይ ካሉ 10 ሰዎች አንዱ ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው የተነሣ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከዚህም ጉዳት ከግማሽ የሚበልጠው ሊቀር የሚችል ነበር። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው ስብሰባ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 17፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መስከረም 7 ቀን፣ የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። እኛ በገረሴና በአካባቢው ያለን ምእመናን የታመመብንን ሰው ይዘን ወደዚሁ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ሲብስም ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ እንወርዳለን። ከልጆቻችንም መካከል ነጭ ጋዋን ለብሰው የሚያገለግሉ አሉ። ስለዚህ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ይነካናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የተኙ አንዲት እናት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በዚያው ክፍል፣ በሚቀጥለው አልጋ ላይ፣ በስም የሚመሳሰሏቸው ሌላ እናት ተኝተው ነበር። ሌሊት ነርሷ ስም ስትጠራ እኒህ እናት በእንቅልፍ ልባቸው «አቤት» አሉ፤ የጎረቤታቸውም መርፌ ተወጋቸው። ሰውነታቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ግን ተረፉ። ለልጆቻቸው የተነገራቸው ሕመሙ እንደ ጠናባቸው ነበር። ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ።

ነርሷ ከኑዛዜ ውጭ፣ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ እውነቱን ነገረችኝ፤ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ብናገረውም ፈቅዳልኛለች። «አባ፣ ብናገር እንጀራዬ ይቆረጣል፤ ብደብቀው ደግሞ እንቅልፌ ተቆርጧል» አለችኝ። እኔም ወደ ምሥጢረ ንስሓ ቅረቢ ብዬ መክሬአት ሄድሁ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ግን ጎደሎ ነበር። እርስዋ ከእግዚአብሔር ጋር ብትታረቅም ሁለቱ እናቶች በዚያው ክፍል፣ በዚያው ስም፣ ጎን ለጎን ተኝተዋል። በሚቀጥለው ሌሊት የምትገባው ነርስ የምታውቀው ነገር የለም። የአንዲቱ ስሕተት ተሸሽጎ ሲቀር ለሌላይቱ ወጥመድ ሆኖ ይቆያል። ልጆቹም በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ የጫኑት ነገር የእርሱ አልነበረም፤ እኛ ካህናትም ይህን ቃል በሐዘን ቤት ስንሰማ ዝም እያልን በማለፋችን በደለኞች ነን።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ላይ እንጨት ሊቆርጥ ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር ስለ ወጣ ሰው ይናገራል። መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። በደጋችን መጥረቢያ ያልያዘ ሰው የለምና ይህን ማንም ይረዳዋል። ሕጉ ይህን ሰው ለደም ተበቃይ አሳልፎ አልሰጠውም፤ የሚሸሽባት ከተማ አዘጋጀለት። መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 20 ደግሞ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ሸሽቶ የመጣው ሰው በከተማይቱ በር ቆሞ የሆነውን ሁሉ ለሽማግሌዎች ይናገራል። መጠጊያ የሚያገኘው ተናግሮ ነው።

የጋሞ አባቶች ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ወግ ሲጣስ «ጎሜ» ይሆናል፤ የተሸሸገውም ጎሜ በሰውና በከብት ላይ መከራ ያመጣል ይላሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው የተሰወረውን ይጠይቃሉ፤ ያጠፋውም ተነሥቶ ያምናል። በሽታ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ነው ብለን አናስተምርም፤ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ይህን አሳብ አርሞታል። ነገር ግን የተደበቀ ጥፋት በደባቂው ዘንድ ብቻ እንደማይቀር አባቶች በትክክል አይተዋል። በሆስፒታልም እንዲህ ያለ ዱቡሻ ያስፈልጋል። ስሕተት በተገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው?» የሚል ከሆነ ሁሉም አፉን ይዘጋል፤ «ምን ሆነ? እንዴትስ ሆነ?» የሚል ከሆነ ግን ለብዙ አልጋዎች በቂ ሠራተኛ እንዳልነበረ፣ መብራት እንደ ጠፋ፣ ሁለት ብልቃጦች መልካቸው አንድ እንደ ሆነ ይታወቃል። ታናሹም ለታላቁ ሐኪም «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት የእኒህ ታካሚ አይመስለኝም» ለማለት ድፍረት ያገኛል። ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ዝምታ አክብሮት አይባልም።

ይህን ስል ቸልተኝነትን ልሸፍን አይደለም። ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 35 ሳያስብ የገደለውን በጥላቻ ከገደለው ይለየዋል። ሰክሮ ወደ ሥራ የሚገባ፣ ተረኛ ሳለ ታካሚውን ጥሎ የሚሄድ፣ የድሆችን መድኃኒት አውጥቶ የሚሸጥ ሰው በመማፀኛ ከተማ ስፍራ የለውም።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሕጉ እንግዶች ተጠንቅቀው እንዲረግጡ በማሳሰብ ብቻ አልረካም። በዘመናችን እንዲህ ያለ መከታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ የማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት አገሮች ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተፈትኖ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ በታንዛንያ፣ ኢፋካራ ያለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከ1000 ታካሚዎች 15 ይሞቱ የነበረው ወደ 8 ወርዷል። ዝርዝሩ የሚጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ የታካሚው ስም ማን ነው፣ የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው፣ ጨርቁና መርፌው ተቆጥሯል ወይ የሚል ነው። አንድ ወረቀት ነው፤ ሆኖም ጮክ ብሎ መጠየቅን የሚንቅ ልብ ካለ ወረቀቱ ብቻውን አያድንም።

ምእመናን ሆይ፣ እኛም ድርሻ አለን። ነርሷ ስሕተቷን ብትነግረን ዱላ አንሥተን የምንነሣ ከሆነ ዝምታዋን ያስተማርናት እኛ ነን። ቤት ሳለን የጠጣነውን የባህል መድኃኒት አፍረን የምንደብቅ፣ የተረፈንን ኪኒን ለጎረቤት የምናበድር፣ ቀዝቃዛ ነው ብለን ከአልጋ ወደ አልጋ የምንዛወር እኛ ነን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየጸሎት ቤቱ ይህን እንድታስተምሩ እለምናችኋለሁ፤ ታማሚው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብቻ ሳይል የአባቱንና የአያቱን ስም ጨምሮ ይናገር፤ ያልተስማማው መድኃኒት ካለ ሳይጠየቅ ያስታውቅ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ቤተሰቦቹ በእጃቸው ይዘው ይሂዱ።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የመሠረቱት፣ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ የሚከበረው የዓለም የሕሙማን ቀን ፌብሩዋሪ 11፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ የካቲት 4 ቀን ይውላል። በዚያ ቀን በቁምስናችን በሚቀርበው ቅዳሴ ስለ ሕሙማን እንደምንጸልይ ሁሉ፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው ብቻቸውን ስለሚያድሩ ነርሶችና አዋላጆችም እንጸልያለን። ከቅዳሴው በኋላ በጤና ተቋማት የሚያገለግሉ ልጆቻችን በመምህራን አዳራሽ ይቆዩልን፤ የሚነግሩንን ተቀምጠን እንሰማለን።